የአሰሪሽ ውሻ ድንገት ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ምን ታደርጊያለሽ?

ዲስከቨሪ ጋርደንስ ውስጥ ውሻ ያለበት ቤት የምትሰሪ እህቴ፣ ይህ ጽሑፍ ላንቺ ነው። የዚህ ሰፈር ቤቶች ትንንሽ ናቸው፣ ወይ ስቱዲዮ ወይ ባለ አንድ መኝታ። አሰሪዎችሽ ጠዋት ሜትሮ ይዘው ወይም መኪና አስነስተው ይወጣሉ፤ እስከ ማታ ቤቱ ውስጥ የምትቀሩት አንቺና ውሻው ናችሁ። ስለዚህ ውሻው ሲታመም መጀመሪያ የምታይው አንቺ ነሽ። «ምን አበላሽው?» የሚለው ጥያቄም መጀመሪያ የሚመጣው ወደ አንቺ ነው።

አገር ቤት ውሻ ግቢ ያድራል፣ የተረፈ እንጀራ ይጣልለታል፣ ቢያስመልሰው «ሣር በልቶ ይድናል» ተብሎ ይታለፋል። እዚህ ግን ውሻው ሶፋ ላይ ይተኛል፣ የራሱ ሐኪም አለው፣ አንዳንዱ ኢንሹራንስም አለው። ይገርማል፣ ግን እንደዚያ ነው። የሣሩ ነገር ደግሞ ጤነኛ ውሻም ሣር ይበላል፤ በሽታ የሚያድን መድኃኒት አድርገሽ አትቁጠሪው።

ጥሩው ዜና፣ አብዛኛው ድንገተኛ የሆድ ሕመም ቀላል ነው። ያልለመደውን ነገር በልቶ ነው፤ በአንድ ሁለት ቀን ይተወዋል። መጥፎው ዜና፣ በሰዓታት ውስጥ የሚገድለውም የሚጀምረው እንደዚሁ በማስመለስ ነው። ሁለቱን መለየት የሐኪም ትምህርት አይጠይቅም። አሥር ደቂቃ ረጋ ብሎ ማየት ነው የሚጠይቀው።

መጀመሪያ ውሻውን እይው፣ ወለሉን በኋላ ታጸጃለሽ

እኛ ስንደነግጥ እጃችን ወደ መጥረጊያው ነው የሚሄደው። ተይው፣ ትንሽ ይቆይ። የወጣው ነገር ራሱ መረጃ ነው። ምግብ ነው? ቢጫ ውሃ ነው? ነጭ አረፋ ነው? ደም አለበት? አጥንት፣ ፕላስቲክ፣ የካልሲ ቁራጭ፣ የቅጠል ስብርባሪ ይታያል? ዓይነ ምድሩስ ለስላሳ ብቻ ነው ወይስ እንደ ውሃ ነው? እንደ ሬንጅ ጥቁር ከሆነ ወይም ቀይ ደም ካለው አደገኛ ነው። ሳትጠርጊው በፊት አንድ ፎቶ አንሺ።

ቀጥሎ ጠባዩን ተመልከቺ። ስሙን ስትጠሪው ጭራውን ይቆላል? ተነስቶ ይመጣል? አንዴ አስመልሶት ከዚያ እንደ ድሮው እየተጫወተ ያለ ውሻና ጥግ ይዞ አንገቱን ደፍቶ የተኛ ውሻ አንድ አይደሉም። አንቺ በየቀኑ ስለምታይው ከማንም በላይ ጠባዩን ታውቂዋለሽ። «ዛሬ እንደሌላው ቀን አይደለም» ካልሽ ትክክል ነሽ፤ ለአሰሪሽም እንደዚያው ንገሪያት።

ከዚያ የላይኛውን ከንፈሩን በቀስታ ገልጠሽ ድዱን እይ። ጤነኛ ድድ ሮዝና እርጥብ ነው። ነጭ፣ ግራጫ፣ ሰማያዊ ወይም እንደ ሸክላ የቀላ ከሆነ አደጋ ነው። ሲነካ የሚያጣብቅና የደረቀ ከሆነ ሰውነቱ ውሃ እያለቀበት ነው። ድዱ በተፈጥሮ ጥቁር የሆነ ውሻም አለ፤ የእሱን የዓይኑን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ተመልከቺ። ውሻው የሚያጉረመርም ወይም ከንፈሩን ራሱ የሚገልጥ ከሆነ ግን እጅሽን አታስጠጊ። ሆዱን የሚያመው ውሻ የሚያውቀውንም ሰው ይነክሳል። ሆዱንም አትጫኚ፣ በዓይንሽ ብቻ እይው፤ ተነፍቷል ወይስ እንደ ወትሮው ነው?

ሳይዘገይ ሐኪም ጋ የሚሄደው

ሊያስመልሰው እየታገለ ምንም የማይወጣለት፣ ምራቁ የሚዝረበረብ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ የተነፋ ውሻ ከሁሉም የከፋው ነው። ጨጓራው በአየር ተሞልቶ ተጠማዞ ሊሆን ይችላል። ደረታቸው ጥልቅ በሆነ ትላልቅ ውሾች ላይ ይበዛል፤ ጀርመን ሼፐርድ አንዱ ነው። ይህ «እስኪ ማታ ድረስ እንየው» የሚባል አይደለም። ያለ ቀዶ ሕክምና በሰዓታት ውስጥ ይሞታል።

ደም ያስመለሰ፣ ደም ያስቀመጠው፣ የጠጣትን ውሃ እንኳ መያዝ ያቃተው፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ደጋግሞ ያስመለሰው፣ የሚንቀጠቀጥ፣ ሲራመድ የሚንገዳገድ ወይም የወደቀ ውሻም መጠበቅ የለበትም። ቡችላ ከሆነ ደግሞ ቶሎ ነው። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠውና ምግብ እምቢ ካለ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ተቅማጡ ብዙ ጊዜ ደም ያለበትና በጣም የሚሸት ነው፤ ቡችላውን በሁለት ሦስት ቀን ይገድላል። ትንሽ ዘር፣ ያረጀ፣ ወይም ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ውሻም እንደዚሁ ቶሎ ይደክማል።

አንድ ልዩ የዱባይ ነገር አለ፤ ሙቀት። በበጋ እኩለ ቀን ወጥቶ የተመለሰ ወይም በረንዳ ላይ ተዘግቶበት የዋለ ውሻ ምላሱን አውጥቶ በኃይል እያለከለከ ካስመለሰውና ካስቀመጠው የሆድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ሙቀት መትቶታል። ወደ ቀዝቃዛ ክፍል አስገቢው፣ ሰውነቱን በቧንቧ ውሃ አርጥቢው፣ ፋን አብሪበት፣ በዚያው መካከል ደውዪ። አፉን በግድ ከፍተሽ ውሃ አታፍስሺበት። መንገዱን ለማወቅ የእጅሽን ጀርባ አስፋልቱ ላይ ሰባት ሰከንድ አስቀምጪ። አንቺ ካልቻልሽ እሱም አይችልም። አንቺም ብትሆኚ በዚያ ፀሐይ መውጣት የለብሽም፤ «ለውሻው መንገዱ ይሞቃል፣ ሲመሽ ላውጣው» ብለሽ መጠየቅ ለሁለታችሁም ነው።

ምን በልቶ ይሆን?

ዲስከቨሪ ጋርደንስ ሕንጻዎቹ ዝቅ ዝቅ ያሉ፣ በመካከላቸው አትክልት የሞላበት ሰፈር ነው። ዜን፣ ሜዲትራኒያን፣ ሞጉል እያሉ በየአትክልቱ ዓይነት ስም አውጥተውለታል። ለእግር ጉዞ ደስ ይላል፤ ለውሻ አፍንጫ ደግሞ ድግስ ነው። ዛፍ ሥር የተጣለ የዶሮ አጥንት፣ ለመንገድ ድመቶች የተቀመጠ ምግብ፣ ቆሻሻ ገንዳ አጠገብ የፈሰሰ ነገር አለ። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እንደ መርፌ ስለሚሾል አንጀት ይወጋል። የቴምር ፍሬ ሥጋው ብዙም አይጎዳ ይሆናል፣ ድንጋዩ ግን የትንሽ ውሻ አንጀት ሊዘጋ ይችላል። አረቦች ዲፍላ የሚሉት፣ ሮዝና ነጭ አበባ ያለው ኦሊያንደር ሁለመናው መርዝ ነው፤ ሆድ ካስነሳ በኋላ ልብ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ገመዱን አሳጥረሽ ያዢ። በሕዝብ ቦታ ውሻን በገመድ ማሰር የአገሩ ሕግም ነው።

ከመንገዱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ወጥ ቤቱ ነው፤ እዚያ ያለው ነገር በእኛ እጅ ስለሚያልፍ። የእኛ ወጥ ቁሌቱ ሽንኩርት ነው። ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም፣ ጥሬውም ብስሉም ዱቄቱም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያፈርሳል። ተንኮሉ፣ በዕለቱ ሆዱን ብቻ ነክቶት ከጥቂት ቀናት በኋላ ነው ድዱ የሚነጣውና ሽንቱ የሚጠቁረው። ስለዚህ በወጥ የራሰች እንጀራ፣ አንዲት ጉርሻም ብትሆን፣ አይሆንም። ያልተጋገረ ሊጥ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው አደጋ ነው። እርሾ ያለበት ሊጥ በውሻው ሙቅ ጨጓራ ውስጥ ኩፍ ማለቱን ይቀጥላል፤ ይነፋዋል፣ አልኮልም ይሠራበታል። የሊጡን ባልዲ ከፍ አድርገሽ ክደኚው። የቡና አተላም መሬት ላይ አይቀመጥ፤ ካፌኑ ልቡን ያስሮጠዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል።

የአሰሪዎቹም ምግብ ቢሆን ያው ነው። ዘቢብና ወይን የውሻ ኩላሊት ያበላሻሉ፤ ትንሽ መጠን እንኳ የሚጎዳው ውሻ አለ። ካብሳ ሩዝ ውስጥ ዘቢብ አለ፣ ሽንኩርትም አለ። ቸኮሌት፣ በተለይ ጥቁሩ፣ መርዙ ነው። ስኳር የለውም ተብሎ የሚሸጥ ማስቲካና ከረሜላ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል ስኳሩን በደቂቃዎች ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ከእንግዳ ሳህን የተረፈ የበግ ስብ ደግሞ ቆሽቱን ያቃጥልና ለቀናት ያሳምመዋል።

አንዲት ልጅ አንድ ጊዜ እያለቀሰች ደወለችልኝ። ቤት እንግዳ ነበር፣ ትሪው ላይ የተረፈውን ሩዝ ውሻው ዘሎ በልቶታል። «ዘቢብ እንዳለው ልንገራት ወይስ ዝም ልበል? እኔ ሰጠሁት ትለኛለች» አለችኝ። ንገሪያት አልኳት፤ አሁኑኑ፣ ሰዓቱን ጨምረሽ። ነገረቻት፣ ሐኪም ጋ ወሰዱት፣ በመርፌ አስመለሱለት፣ ዳነ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የተበላው መርዝ ገና ጨጓራ ውስጥ እያለ፣ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ሰዓታት፣ ሐኪሙ ሊያወጣው ይችላል። ከዚያ በኋላ ኩላሊቱን እያዩ መጠበቅ ነው። ውሻው የበላውን መደበቅ ለውሻውም ላንቺም የባሰ ነው። ሐኪሙ በኋላ ያገኘዋል፤ ያኔ ጥያቄው «ለምን ሰጠሽው» ሳይሆን «ለምን ደበቅሽ» ይሆናል።

መልእክቱን ላኪ

ስልክ ደውለሽ ብቻ አትተይው። ድምጽ በዋትሳፕ ላኪ፤ ሰዓቱ ተመዝግቦ ይቀራል። እንግሊዝኛሽ ያን ያህል ባይሆንም ይህ ይበቃል፦ «ማዳም፣ ዶግ ሲክ። ቮሚት ስሪ ታይምስ። ኖ ብለድ። ኖት ኢቲንግ። ፕሊስ ኮል ሚ።» ደም ካለ «የስ ብለድ፣ ኢመርጀንሲ» በዪ። ተቅማጥ «ዳያሪያ» ነው። አሰሪሽ አረብ ከሆነች «አልከልብ መሪድ» ውሻው ታሟል ማለት ነው፤ ትግርኛ የምትችዪ አትቸገሪም፣ ከልቢ ነው። ደም በአረብኛም ደም ነው።

ሰዓት ስትናገሪ የእነሱን ሰዓት ተናገሪ። በእኛ አራት ሰዓት ያልሽው በእነሱ 10 ነው። መርዝ ለበላ ውሻ ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ሐኪሙን በጣም ያሳስተዋል።

ፎቶው ላይ የትውከቱና የውሻው ምስል ብቻ ይኑር። የቤቱ ሰው፣ ልጆች፣ መኝታ ቤት አይታይበት። ለአሰሪሽ ብቻ ላኪው፣ ቲክቶክ ላይ ወይም ለጓደኛ እንዳትልኪው። የኤሚሬትስ የሳይበር ወንጀል ሕግ፣ የ2021 ቁጥር 34፣ የሰው ግላዊ ሕይወትን ያለ ፈቃድ መቅረጽና ማሰራጨት ያስቀጣል።

ቀላል ከሆነ ቤት ውስጥ

አሰሪሽ «እሺ፣ ቤት ይቆይ» ካለችሽና ውሻው አዋቂ፣ ንቁ፣ ድዱ ሮዝ፣ ደም የሌለበት ከሆነ ሥራው ብዙ አይደለም። ካስመለሰው በኋላ ጥቂት ሰዓት፣ አምስት ስድስት ያህል፣ ምግብ አትስጪው። ቡችላና በጣም ትንሽ ውሻ ግን አይጾምም፣ ስኳሩ ይወርድበታል። ውሃ በፍጹም አትከልክዪ፤ ግን ሳህኑን ሞልተሽ ካስቀመጥሽለት በአንዴ ጠጥቶ መልሶ ያስመልሰዋል። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ አድርጊለት።

ከዚያ ቆዳና አጥንት የሌለው ዶሮ በውሃ ብቻ ቀቅዪ። ጨው የለ፣ ቅመም የለ፣ ዘይት የለ፣ ማጊ የለ። አንድ እጅ ዶሮ ከሁለት እጅ ነጭ ሩዝ ጋር ቀላቅዪ። ለትንሽ ውሻ አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ለትልቁ ግማሽ ኩባያ ያህል ስጪና ጠብቂ። ካልመለሰው በቀን አራት አምስት ጊዜ እንደዚሁ። ሁለት ሦስት ቀን ደህና ከዋለ የራሱን ምግብ በጥቂቱ እየቀላቀልሽ መልሺው። አንድ ቀን ሙሉ ቆይቶ ካልተሻለው ግን ቀላል አልነበረም ማለት ነው፤ ሐኪም ጋ ይሂድ።

የእኛን መድኃኒት እርሺው። ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጤናዳም ለእኛ ሆድ እንላለን፤ ለውሻ አይሆንም። ፓናዶልና ብሩፈን ውሻን ይገድላሉ። የሰው የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒንም ያለ ሐኪም አይሰጥም። ወተት ተቅማጡን ያብሰዋል። መርዝ በላ ብለሽ ጨው በውሃ አታጠጪው፤ ጨው ራሱ መርዝ ይሆንበታል። አሰሪሽ ራሷ «ግማሽ ፓናዶል ስጪው» ብትልሽ «ቬቱን ጠይቂልኝ» በያት፤ ይህንንም በመልእክት።

አንቺስ?

የታመመ ውሻ ዓይነ ምድርና ትውከት ሳልሞኔላን፣ ጃርዲያን፣ ትልን ወደ ሰው ያስተላልፋል። ጓንት ጠይቂ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ የሥራ ዕቃ ነው። በሶፍት አንስተሽ በፕላስቲክ አስረሽ ጣይው፣ ቦታውን በሳሙና እጠቢ፣ ከዚያ በረኪና በውሃ አቅጥነሽ ተጠቀሚ። በረኪናን ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅዪ። ጨርቁን ሳህን የሚታጠብበት ሲንክ ውስጥ አትጠቢ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ሌላ ሰው እንዲያጸዳው ጠይቂ። የውሻ ምራቅ በሃይማኖታችሁ ምክንያት የሚያስቸግራችሁ ሙስሊም እህቶችም ይህን ከመጀመሪያው ቀን፣ ሲቻል ከኮንትራቱ በፊት፣ በግልጽ ተናገሩ። ውሻው ከታመመ በኋላ ሲነገር እምቢተኝነት ይመስላል።

ቢነክስሽ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቢና በዚያው ቀን ክሊኒክ ሂጂ። ውሻው የተከተበ ቢሆንም እንኳ ሐኪም ይወስን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከጀመረ በኋላ አይድንም፤ ክትባቱ የሚሠራው ከዚያ በፊት ነው። የጤና ኢንሹራንስሽን ማውጣት የአሰሪሽ ግዴታ ነው።

ሌሊት ውሻው ታሞ አንቺ ስትጠብቂ ካደርሽ ደግሞ ዕረፍትሽ አለ። የ2022 የቤት ሠራተኞች ፌዴራል ሕግ ቁጥር 9 በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥሻል፤ ከዚያ ውስጥ 8ቱ ተከታታይ ናቸው። የሐኪም ሂሳብም የባለቤቱ ነው። ከኪስሽ አትክፈዪ፣ ታክሲም ቢሆን። «ያንቺ ጥፋት ነው፣ ከደሞዝሽ እቆርጣለሁ» ተብሎ ወረቀት ቢመጣልሽ ያላነበብሽውንና ያልተስማማሽበትን አትፈርሚ። ካልተግባባችሁ ክርክሩ መጀመሪያ የሚቀርበው ለሰው ኃይልና ኤሚሬታይዜሽን ሚኒስቴር ነው፤ ስልኩ 600590000። ያ ሰዓቱ የተመዘገበ የዋትሳፕ መልእክት ያኔ ይጠቅምሻል። ብትመችሽ ወይም ብታስፈራራሽ 999 ፖሊስ ነው።

ውሻው ደህና እያለ፣ ዛሬ ማታ፣ አሰሪሽን ጥቂት ነገር ጠይቂና በወረቀት ጽፋ ትስጥሽ። የቬት ክሊኒኩ ስምና ስልክ፣ ሌሊት የሚሠራው የትኛው እንደሆነ፣ የውሻው ክብደትና ዕድሜ፣ የክትባቱ ቀን፣ የሚወስደው መድኃኒት፣ እሷ ስልክ ካላነሳች ማን ጋ እንደምትደውዪ፣ ማንም ካልተገኘ አንቺ ይዘሽው እንድትሄጂ ትፈቅድ እንደሆነና ክሊኒኩ ማንን እንደሚያስከፍል። ፍሪጁ ላይ ለጥፊው፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው፤ ፍሪጁ ላይ ያለውን ልጆቹ ሥዕል ሊሥሉበት ይችላሉ።